ለቦይ የመጡ ሽማግሌዎች

«እማማ፣ የሚቆፈረው አጥሩና መግቢያው ብቻ ነው። ቤትዎ አይነካም» አለ በላይ፣ ድምፁን ከልቅሶው በላይ ሊያደርግ እየጣረ።

ፈንታዬ አልሰማችውም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ደረቷን እየደቃች ደጇ ላይ ትንቆራጠጣለች። «ሞላዬ፣ ልጄ፣ ምነው እኔ ቀድሜህ በሄድኩ» ትላለች።

በላይ አዲሱን ሞተር ሊተክል ከደሴ የመጣ ባለሙያ ነው። ግራ ገብቶት ወደ አምባቸው ዞረ። «ለአጥርና ለመግቢያ እንዲህ ይለቀሳል እንዴ? አጥሩን መልሰን እናጥርልዎታለን በሏቸው እንጂ።»

አምባቸው ነገሩ የገባው ያኔ ነው። የቀበሌ ሊቀመንበር ይሁን እንጂ የዚሁ አገር ልጅ ነው። ፀሐይ ሳትወጣ፣ ጋቢ ደርበው፣ ሸህ ሷሊህን የመሰለ ሽማግሌ ከፊት አስቀድመው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቤቶች» ብለዋል። በዚህ አገር ሰው እንዲህ ሆኖ የሚመጣው መርዶ ይዞ ነው።

ማለዳውን የመረጠው በብልጠቱ ነበር። የጤና ጣቢያውን ቆሻሻ ውሃ ከጉድጓድ እየሳበ ወደ ገደሉ የሚገፋው አሮጌ ሞተር፣ በክፉ ቀን ረሃብተኛው ግቢውን ሲሞላው ከአቅሙ በላይ ሲጎተት ሰንብቶ ትንፋሹ ጠፍቷል። ከዚያ ወዲህ ቆሻሻው በታችኛው ሰፈር ደጃፍ ይፈሳል። የአዲሱ ሞተር ቱቦ ደግሞ የግድ በፈንታዬ ደጅ ማለፍ አለበት፤ መግቢያዋ ለሳምንታት ተቆፍሮ ይከርማል። የፈንታዬ ምላስ ደግሞ የታወቀ ነው፤ የጎረቤት ፍየል እንኳ አጥሯን የምታልፈው አስፈቅዳ ነው ይባላል። ስለዚህ አምባቸው፣ ማሳዋ ሳትወርድ እንድረስባት፣ ሸህ ሷሊህም ይኑሩ፣ እሳቸውን ታፍራለች አለ። ይኸው ብልጠቱ።

ነገሩ ይኸው ብቻ ቢሆን ሰፈሩ ዓመት ሙሉ ይስቅበት ነበር።

ሞላ በክፉ ቀን ሥራ ፍለጋ ወደ አዋሽ ጥጥ እርሻ ወርዶ ነበር። ባለፈው ሰሞን ከዚያ የተመለሰ አንድ የከላላ ሰው፣ ሞላን በገዛ እጁ እንደቀበረው ለአምባቸውና ለሸህ ሷሊህ ነግሯቸዋል። ሁለቱ መከሩ። ማሳዋ ዘንድሮ ገና ከስንት ጊዜ በኋላ ይዞላታል። ሰብሏ ይግባ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ጠግባ ትብላ፣ ከዚያ እናረዳታለን ተባባሉ። ሌላ ሰው አልሰማም።

ጎረቤቱ እየጮኸ መጣ። ሴቶቹ መቀነታቸውን እያጠበቁ፣ «ማን ነው? ማን ሞተ?» ይላሉ። ፈንታዬ የአምባቸውን ጋቢ ጨምድዳ ያዘች።

«የት ወደቀብኝ? እሱን ብቻ ንገረኝ።»

«ኧረ እትዬ፣ እኛ የመጣነው ለቦይ ነው።»

«ለምን?»

«ለቦይ። ለቆሻሻው ውሃ። አዲስ ሞተር መጥቶ...»

እጇ ላላ። ጋቢውን ግን አልለቀቀችም። «የሞላ ወሬ አይደለም?»

አምባቸው ወደ ሸህ ሷሊህ ዞረ። ሸህ ሷሊህ ከዘራቸውን ተመርኩዘው አንድ እርምጃ ቀረቡ።

«አብሽሪ ፈንታዬ። ወላሂ፣ ዛሬ ከደጅሽ ያቆመን ቦዩ ነው።»

ሸህ ሷሊህ በሐሰት ምለው አያውቁም፤ ያን ጠዋትም በሐሰት አልማሉም። ዓይናቸው ግን መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

ፈንታዬ ደጇ ካለው ድንጋይ ላይ ዘጭ አለች። እንባዋ ሳይደርቅ ሳቋ መጣ። «እናንተ ቀልበ ቢሶች፣ ቦይ በማለዳ ይነገራል? አምባቸው፣ አብዮቱ አንተን ሊቀመንበር ያደረገህ ሰው ቸግሮት መሆን አለበት።» ሴቶቹም እየሳቁ፣ እየረገሙ፣ ያዞሩትን ነጠላ እየመለሱ ተበተኑ።

ቆፍሩ ስትል በላይ ጆሮውን ተጠራጠረ። «ቆፍሩ አልኩ። ከፈለጋችሁ በምድጃዬ ላይ አሳልፉት።» ገብታ የተጠበሰ የስንዴ እሸት በሰፌድ ይዛ ወጣች። «ከራሴ ማሳ ነው። ብሉ።»

በሉ። ያቺ አጥር አስከባሪ ፈንታዬ ዛሬ አጥሯን የምትነቅልላቸው ትመስል ነበር። ከዚያ ወደ በላይ ዞረች።

«አንድ ነገር ብቻ ልጄ። ጉድጓዱ ላይ መሻገሪያ እንጨት ጣልልኝ። ሞላ ይህን ቦይ አያውቀውም፤ ማታ ከደረሰ ይወድቅብኛል።»

በላይ ነገሩ በዚህ በማለቁ ደስ ብሎታል። «መሻገሪያ ብቻ? ፋኖስም እንሰቅላለን እማማ።»

«ወፍራም እንጨት ይሁን ታዲያ። ሲሄድ እንኳ ሰውነቱ አልቆ ነበር፤ አሁን በርትቶ ይሆናል።»

«ይህን የሚያክል ግንድ አመጣለሁ» አለ በላይ፣ በሁለት እጁ እየለካ።

ሸህ ሷሊህ ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዞሩ። አምባቸው እሸቱን ያላምጣል፣ ያላምጣል።

«ምነው አንተ? የመረጥኩልህን እሸት ታላምጠዋለህ እንጂ አትውጠውም» አለችው ፈንታዬ።

እንደ ምንም ዋጠ። አፉን በጋቢው ጠርጎ ተነሳ። «በሉ ደህና ይዋሉ እትዬ። ከነገ ወዲያ በማለዳ እንመጣለን።»

ፈንታዬ ሰፌዱን አራገፈች። ቀና ብላም ረዘም አድርጋ አየችው።

«ኑ» አለችው። «አካፋችሁን ግን ከሩቅ አሳዩኝ።»