ዘጠና ቀን ያልተነካ

ዋና ዳይሬክተሩ አዲሱን ሲስተም ሪባን ቆርጠው አስመረቁ። "ከዛሬ ጀምሮ በራሳችን ሰርቨርም ሆነ በተከራየነው ክላውድ ላይ፣ ዘጠና ቀን ያልተነካ ፋይልና አካውንት በራሱ ጊዜ ይሰረዛል። የተሰረዘውም ያለ በላይ ኃላፊ ፈቃድ አይመለስም!" ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

የሲስተሙ አስተዳዳሪ ትርሲት ጠጋ ብላ፣ "ክቡር ዳይሬክተር፣ የኃላፊዎቹን አካውንት እንዳይሰርዝ ብናደርገውስ?" አለቻቸው።

"እዚህ ቤት ሥራ ፈት አይቀለብም!" ብለው ሰው ፊት አሳፈሯት።

በዘጠና አንደኛው ቀን ከውጭ እንግዶች ጋር ተቀምጠው ደወሉላት። "ሲስተሙን ላሳያቸው ብል 'እንዲህ የሚባል ተጠቃሚ የለም' ይለኛል!"

"አንድም ቀን ገብተው ስለማያውቁ ነው። ሰባት ማስጠንቀቂያ ልኮልዎት ነበር።"

"ኢሜይሌን የምታነብልኝ ጸሐፊዬ ናት፤ እሷ ደግሞ የወሊድ ፈቃድ ላይ ናት! በይ አሁኑኑ መልሺው።"

"የማስመለሻ ቅጹን ሞልቼ ልኬያለሁ። የሚያጸድቀው ኃላፊ ግን ሲስተሙ ውስጥ የለም።"

ዳይሬክተሩ እንግዶቹ እንዲሰሙላቸው ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረጉት።

"ስሙን ንገሪኝ! ይሄን ሥራ ፈት ዛሬውኑ ነው የማባርረው!"

"እርስዎ ነዎት፣ ክቡር ዳይሬክተር።"