የላይኛው ኩሬ

«አይጨነቁ እማማ፣ ዋና እችላለሁ!» ብሎ ጮኸ ወጣቱ ከኩሬው ውስጥ።

ሴትዮዋ ጄሪካን ይዘው ከዳር ቆመው እጃቸውን ያወዛውዛሉ፤ የሚሉት ግን በፏፏቴው ድምፅ አይሰማም። እሱ የፈሩለት መስሎት፣ መቼም ጉረኛ አይደል፣ ቋጥኙ ላይ ወጥቶ እየተገለበጠ ዘለለላቸው።

ለእረፍት ከፋ ጫካ ድረስ የመጣው ልዋኝ ብዬ ነው ቢልም፣ ዋናው ጉዳይ የእጮኛው የዝናሽ ቤተሰቦች እንዲያዩት ነው። እሷ ወደ ቤት ቀድማለች። እሱ አቧራውን ታጥቦ ሰው መስሎ ሊቀርብ፣ ከታች ያሉትን ኩሬዎች አልፎ ከሁሉም የጠራው ውስጥ ገባ። ራሱን በሳሙና ፈተገ፤ ብብቱን ፈተገ፤ በዚያው ካልሲውንም አጠበ። ሴትዮዋ አረፋው እስኪያልፍ ብዙ ጠብቀው ጄሪካናቸውን ሞሉና ሄዱ። እጁን አውለበለበላቸው።

ምሳ ላይ የዝናሽ አባት ወደዱት። «ጨዋ ልጅ ነው፣ ያስታውቃል» አሉ። ወዲያው አንድ ብርጭቆ ውሃ ከፊቱ ተቀመጠ። እሱ ጎንበስ ብሎ ዝናሽን በሹክሹክታ ጠየቃት፦

«ውሃው ንጹህ ነው? ሆዴን ታውቂዋለሽ።»

«ከላይኛው ኩሬ እኮ ነው!» አለች ዝናሽ ጮክ ብላ። «ለመጠጥ ብቻ ነው የሚቀዳው። አገሬው እግሩን እንኳ አይነክርበትም። እማዬ ራሷ ናት ጠዋት የቀዳችው።»

ቀና አለ። ብርጭቆውን ያስቀመጡት ሴትዮ አሁንም ከፊቱ እንደቆሙ ነበር። ብርጭቆውን አነሳ፤ መልሶ ሊያስቀምጠው አፈረ።

«ጠጣ እንጂ ልጄ» አሉ እናትየው። «ካልሲህስ ደረቀልህ?»