ወደ ኋላ የዞረችው ታንኳ

ናማሲኩ የታንኳ ውድድሩን ልታሸንፍ ጥቂት ቀዘፋ ሲቀራት ከኋላዋ ጩኸት ሰማች። ጉማሬ የሊሴሊን ታንኳ ገልብጦታል። ሊሴሊ አብሮ አደጓ ናት፤ ከዓምናው ውድድር ወዲህ ግን አይነጋገሩም። ናማሲኩ የዛምቤዚን ዳር ሞልቶ የሚጠብቃትን ሕዝብ አየት አደረገችና ታንኳዋን አዞረች።

ሊሴሊ የናማሲኩን ታንኳ ጠርዝ እንደያዘች፣ "ዓምና ታንኳሽን የበሳሁት እኔ ነኝ" አለች እያለከለከች።

"አውቃለሁ። ጉማሬው ሳይመለስ ግቢ!"

"እያወቅሽ ነው የመጣሽልኝ?"

"አንቺ ከሌለሽ ማንን ላሸንፍ? ብቻ ይቺንም እንዳትበሺያት!"

ሊሴሊ እያለቀሰች ሳቀች። በአንድ መቅዘፊያ እየተፈራረቁ ከሁሉም ኋላ ሲደርሱ፣ የሊሴሊ እናት ከነልብሳቸው ውሃው ውስጥ ገቡ። እልል እያሉ መጀመሪያ ያቀፉት ናማሲኩን ነበር።