የእማዬ ሻማ

በእኛ ዘመን ሰው ሲከሳ፣ ጤና ጣቢያው የቀለጠውን ስብ ሻማ አድርጎ ይመልስለታል። እማዬ የሜዲትራኒያን አመጋገብ ጀመረችና፣ በወይራ ዘይት፣ በዓሣና በሽንብራ ቦርጯ ጠፋ፤ ጡንቻዋ ግን አልሟሸሸም። "እንኩ፣ ቦርጬን አብሩበት!" እያለች ሻማዎቿን ለጎረቤት አደለች። ዕድሜም ጨመረላት። እኔን ግን ተደግፌው የምተኛው ለስላሳ ጎኗ ናፈቀኝ።

በተዝካሯ ዕለት የቀረችን አንዲት ሻማ ነበረች።

"አብሪያት እንጂ፣ እማዬን በጨለማ ልናስባት ነው?" አለኝ ወንድሜ ይታገሱ።

"ካለቀችስ?"

"እሷ መቼ ሰስታ ታውቃለች!"

አበራኋት። ብርሃኗ ግድግዳው ላይ እንደ ድሮ ገላዋ ሰፋ፤ ቤቱ በቀስታ ሞቀ። ግማሿ ሲቀር እፍ ብዬ አጠፋኋትና፣ ሳትደርቅ ጉንጬን አስደገፍኩባት። ለስላሳ ነበረች።