የክትፎው ማስታወቂያ

አሰገደች ሜልቦርን ውስጥ ምግብ ቤት አላት። የክትፎዋን ፎቶ አሳትማ በየግድግዳው ብትለጥፍ በማግስቱ አንዱም አይገኝም።

«ይሄ ምቀኛ ድንበሩ ነው የሚገነጥለው!» ብላ ጎረቤቷን ባለምግብ ቤት አኮረፈችው። ድንበሩም የሽሮው ማስታወቂያ ሲጠፋበት «የእሷ እጅ ነው» አለ። ሽማግሌ ገባ። ሁለቱም በሚካኤል ምለው ካዱ፤ ከዚያ ባሰባቸው።

በዚህ መሃል የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ስለ አውስትራሊያ ማኅበራዊ ታሪክ ኤግዚቢሽን ከፈተና ሁለቱንም ጠራቸው። ሳይተያዩ ገቡ። የክትፎውም የሽሮውም ማስታወቂያ በመስታወት ሣጥን ውስጥ በክብር ተደርድሯል።

«ለታሪክ እንዲቆዩልን ብዬ እኮ ነው» አለች ፈረንጇ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ በኩራት፤ «አንድም አላመለጠኝም። ገና ሙጫው ሳይደርቅ ነው የማነሣቸው!»