ከደመናው በታች

ከፊታቸው የተነሳችው ትንሽ አውሮፕላን ደመናው ውስጥ ገብታ ጠፋች። ሀብተማርያም ማዳመጫውን በሁለት እጁ ጆሮው ላይ ጫን አደረገ። ወዲያው የአብራሪው ድምፅ መጣ፤ ደመናውን አልፎ ወጥቷል፣ ላይ ፀሐይ ነው።

«ሰማሽ? ፀሐይ ነው አለ እኮ» አላት ልጁን። «እኛም የመነሻ ፈቃድ፣ ክሊራንስ እንጠይቃ፣ ካፒቴን።»

ሩሀማ የአውሮፕላኑን መሪ እንደያዘች ወደ ላይ አየች። ይገፈፋል ብላ የጠበቀችው ደመና ከኤርፖርቱ አጠገብ ካለው ሐይቅ ላይ አልነቃነቅ ብሏል። ደመና ሰንጥቆ ለመውጣት በመሣሪያ ብቻ እየተመሩ መብረር ይጠይቃል፤ ያንን ፈተና ደግሞ ሁለቴ ወድቃለች። የመጀመሪያ ፈቃዷን ያገኘች ሰሞን በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ እልል ሲባልላት፣ እማማ ብርቅዬ «በደመናም ትበሪያለሽ?» ብለው ጠየቋት። «አዎ» አለች። ለአንድ እልልታ ብላ ዋሸች። ከዚያ ወዲህ በሰፈራቸው፣ ዌስተን ውስጥ፣ ካፒቴን የማይላት ሐበሻ የለም። ዛሬም እማማ ብርቅዬ አባትና ልጅ ሲነሱ ለማየት ከኤርፖርቱ መስኮት ጋ ቆመዋል።

«አይሰጡንም አባዬ። ዛሬ በጣም ቢዚ ናቸው።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የሩሀማ ግን ማደርም አላስፈለገው። የበረራ ተቆጣጣሪው ራሱ በሬዲዮ መጣና፣ እነሱም ደመናውን አልፈው ለመውጣት ክሊራንስ ይፈልጉ እንደሆነ በትህትና ጠየቃት።

«የመሣሪያ በረራ ፈቃድ የለኝም» አለችው፣ አባቷ እንዳይገባው እንግሊዝኛውን እያጣደፈች። ዕድሜውን ሙሉ ታክሲ ሲነዳ ከሬዲዮ የሚወጣ ጥድፊያ የለመደ ሰው መሆኑን ረስታው ነበር።

አባቷ ዞር ብሎ አያት። ሞተሩን አጠፋች። ፊቷ በእፍረት ነደደ፤ በተቆጣኝ ብላ ተመኘች። እሱ ማዳመጫውን አወለቀና ስልኩን አወጣ።

«ወይዘሮ ብርቅዬ፣ አይጠብቁን። ልጅቱማ እንውጣ ብላኝ ነበር። እኔ ነኝ የፈራሁት።»

ሱዳንን በእግሩ አቋርጦ የመጣ ሰው ነው። አዳራሹ ውስጥ ስለ ድፍረት ከተወራ ስሙ ሳይነሳ አይቀርም።

የእማማ ብርቅዬ ሳቅ ከስልኩ አልፎ ተሰማ። «አንተም ትፈራለህ ለካ!»

«ምን ላድርግ፣ አረጀሁ» ብሎ አብሯቸው ሳቀ።

ሩሀማ ቅድም ራሷ ያሰረችለትን ቀበቶ ልትፈታለት ጎንበስ አለች። ቀበቶው ተፈታ፤ ቀና ማለት ግን አቃታት።