ድምፅ ያለው ጠጠር

ሎይድ ከክምሩ ሁለት ጠጠር አንስቶ ጆሮው ሥር ያፋጫቸዋል።

"ልታገባው ነው እንዴ?" ይላል ዱዌን ጠጠር ከሚዝቀው ሎደር ላይ ሆኖ። "ድንጋይ ነው እኮ! ምረጥና ልጫንልህ።"

የድንጋይ ካባው ባለቤት ዱዌን ነው። ከሎይድ ጋር አንድ ክፍል ተምረዋል፤ በዚህ በሚዙሪ ኮረብታ ላይ ከአስፋልት እስከ ሰው ደጅ ለሚገባው መንገድ ሁሉ ጠጠር የሚሸጠው እሱ ነው። ኔልዳ ከባሏ ከሎይድ ጎን እጆቿን ኮት ኪሷ ውስጥ ከትታ ቆማለች። በረዶው ቀልጦ የደጃቸው መንገድ ጭቃ ከሆነ ወዲህ ስትጨቀጭቀው ከርማ ዛሬ ይዛው መጣች። ሩብ ሰዓት አይፈጅም ብላ ነበር።

ምርጫው ሁለት ነው። አንዱ ከነትቢያው የተፈጨ ጠጠር ነው፤ ዝናብ ሲመታውና ጎማ ሲረግጠው እንደ ሲሚንቶ ይጣበቃል። ሌላው ትቢያው ወጥቶለት የታጠበ ነው፤ ያምራል፣ ግን ከጎማ ሥር ይሸሻል። የእነሱ መንገድ ደግሞ ዳገት ነው። ጎረቤታቸው ኢርል አንዴ ዳገት ላይ የታጠበ አፍስሶ፣ በመጀመሪያው ዶፍ ጠጠሩ ተጠራርጎ ወንዝ ገባ። ሎይድ ይኸው እስካሁን፣ "ኢርል፣ ዓሦቹ መንገዱን ወደዱልህ?" እያለ ያበሽቀዋል።

"የታጠበውን" ይላል ሎይድ።

ዱዌን ሞተሩን ያጠፋል። "ምን አልክ?"

"ሰምተኸኛል።"

"አንተ ሰውዬ፣ ያ ዳገት ላይ? ኢርል ይሄን ቢሰማ በሳቅ ይሞታል! ከነትቢያው ውሰድ። የጭነት መኪና ቢወጣበት እንኳ ኮሽታ አትሰማም።"

"እሱን አልፈልግም።"

ኔልዳ ትዕግሥቷ አለቀ። "በእግዜር፣ ሎይድ! ሁለት ዶፍ ሳይዘንብ ተመልሰን ልንገዛ? ለማን እንዲያምር ነው?"

"ለማማሩ አይደለም።"

"ታዲያ ለምንድነው?"

ሎይድ መዳፉ ላይ ያሉትን ጠጠሮች ያያል። "ይሰማል" ይላል። "ሰው ሲመጣ ይሰማል።"

"ማን ሲመጣ?"

ነገሩ የገባት ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። ልጃቸው ኩርት ከማታ ፈረቃ እስኪመለስ ድረስ ሎይድ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ይጋደም ነበር። የኩርት መኪና ከታች፣ ከመታጠፊያው ላይ ያኔ የነበረውን ጠጠር ሲነካ ይሰማና ወደ ግድግዳው ይዞራል። ከዚያ ኩርት የመኪናውን በር ሲዘጋ፣ ሎይድ ማንኮራፋት ይጀምራል። ትስቅበት ነበር። ኩርትን የቀበሩት በኅዳር ነው። ከዚያ ወዲህ ባሏ ያንኮራፋበትን ሌሊት አታውቅም። መንገዱም ጭቃ ነው፤ ጭቃ ድምፅ የለውም።

አይመጣም፣ ልትለው ይገባል። አንድ ቃል ነው። እሷ ካልነገረችው ማንም ደፍሮ አይነግረውም። አፏን ትከፍታለች።

"የታጠበውን ጫንልን፣ ዱዌን።"

ዱዌን አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን ያያል። ሞተሩን አስነስቶ ሎደሩን ወደ ታጠበው ክምር ይነዳል፤ ትልልቆቹ ጎማዎች መሬት ላይ የተበተነውን ጠጠር እየረገጡ ያልፋሉ። ጠጠሩ ይንኮሻኮሻል።

ሎይድ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ዓይኖቹን ይጨፍናል። ትከሻው ቀስ እያለ ይወርዳል። ኔልዳ እንዲህ ሆኖ ካየችው ቆይታለች።

ዱዌን ክምሩ አጠገብ ቆሞ፣ ጠጠሩን የሚወስደውን የገልባጭ መኪና ሹፌር ለመጥራት ሞተሩን ያጠፋል። ካባው ጭር ይላል።

ሎይድ ዓይኖቹን አይገልጥም። ከጠጠሩ ቀጥሎ የመኪና በር ሲዘጋ መሰማት አለበት። እሱን ይጠብቃል።